ልጓሙን ከመቀየራችሁ በፊት አፉን ክፈቱ

(ፒያሳ አካባቢ ለተሰበሰቡ ፈረስ ወዳዶች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም በዚህ ሁሉ የፒያሳ ግርግር መሀል፣ ስለ ልጓም ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ቡና የደረሳችሁም ያልደረሳችሁም፣ እንጀምር።

የተሰጠኝ ርዕስ «አፉ ስስ ለሆነ ፈረስ ምን ልጓም ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው በስልክም ብዙ ጊዜ ይመጣል። ፈረሱ ልጓም ሲያይ ራሱን ወደ ላይ ይሰቅላል። ዛቡ (ልጓሙ የሚሳብበት ጠፍር) ትንሽ ጠበቅ ሲል አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያወጣል፣ ራሱን ይወዘውዛል። አንዱ ባለቤት «ይሄ ፈረስ አመለኛ ነው» ይላል። ደግ የሆነው ደግሞ «አፉ ስስ ነው» ይላል። ከዚያ ሁለቱም ገበያ ይወጣሉ። አንዱ የሚያስቆም ልጓም ፍለጋ፣ ሌላው ለስላሳ ልጓም ፍለጋ። የፈረሱን አፍ ከፍቶ ያየ ግን ከሁለቱም የለም።

የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው። ልጓም የሚመረጠው አፍ ታይቶ ነው። ስስ የምንለው አፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የታመመ፣ የጠበበ ወይም ሲጎተት የኖረ አፍ ነው።

ስለዚህ ከአፉ እንነሳ። ፈረስ ፊት ለፊት 12 ጥርስ አለው፣ 6 ከላይ፣ 6 ከታች። ሣር የሚነጭባቸው ናቸው። ወደ ኋላ ደግሞ 24 የመንጋጋ ጥርሶች አሉት። በሁለቱ መሀል ባዶ ቦታ አለ። ልጓም የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ወንድ ከሆነ በዚሁ ክፍተት ፊት በኩል ክራንቻ ያወጣል። ባዝራ ላይ ክራንቻ ብዙም አይታይም።

ቦታው ባዶ ነው ማለት ግን ለብረት የተመቸ ነው ማለት አይደለም። የታችኛው መንጋጋ አጥንት እዚያ ላይ ቀጭን ጠርዝ አለው። ጠርዙን የሸፈነው ስስ ድድ ብቻ ነው። እስቲ የእግራችሁን ቅልጥም ፊት ለፊት ዳስሱት። ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ በብረት መመታት ምን እንደሚመስል የጠረጴዛ እግር የመታው ሁሉ ያውቀዋል። የፈረሱም መንጋጋ እንደዚያው ነው።

ምላሱ ደግሞ አለ። ፈረስ አፉን ሲዘጋ ምላሱ አፉን ይሞላዋል። ለልጓም ተብሎ የተተወ ትርፍ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሂላሪ ክሌይተን የተባሉ የእንስሳት ሐኪምና ተመራማሪ የተለጎመ ፈረስ አፍ ውስጥ ምን እንደሚከናወን በኤክስሬይ አይተዋል። ፈረሱ ዝም ብሎ ብረቱን አይሸከምም። ምላሱን ወደ ኋላ ይሰበስባል፣ ያሳብጣል፣ ብረቱ አጥንቱን እንዳያገኘው ከሥር ይደግፈዋል። አንዳንዱ ደግሞ ብረቱን በምላሱ እየገፋ ወደ መንጋጋ ጥርሶቹ መሀል ያስገባዋል። እኛ «ልጓሙን ነክሶ አልቆምም አለ» የምንለው ያኔ ነው። ለእሱ ግን ራሱን መከላከሉ ነው።

ቤት ስትገቡ ይህን አድርጉ። ፈረሱን ፀጥ ባለ ቦታ አስሩት። ከጎኑ ቁሙና የከንፈሩን ጥግ በአውራ ጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ግለጡ። ጥርሱን እንዲከፍት አታስገድዱት። ምላሱ ከጥርሶቹ መሀል በጎን ተርፎ ይታያል? እንግዲያው ምላሱ ወፍራም ነው፣ ቦታውም ጠባብ ነው። ከንፈሩ ሥጋ የበዛበት ነው ወይስ ስስ? ጥጉ ላይ የቆየ ጠባሳ፣ ነጭ ያለ ወይም የደደረ ቦታ አለ? የመንጋጋውን ጠርዝ በጣታችሁ ስትነኩት ይሸሻል? በተለይ በአንድ በኩል ብቻ ከሸሸ ልብ በሉ።

ቁስል ከውጭ ይታየኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ፊንላንድ ውስጥ ከሩጫ ውድድር በኋላ ወዲያው አፋቸው የተመረመረ 261 ፈረሶች ነበሩ። 84 በመቶዎቹ ልጓም በሚያርፍበት አካባቢ አዲስ ጉዳት ተገኝቶባቸዋል። ከአፋቸው ውጭ ደም የታየባቸው ግን በጣም ጥቂቶች ነበሩ። እነዚያ ተወዳዳሪ ፈረሶች ናቸው፤ ሐኪም አላቸው፣ አሠልጣኝ አላቸው። እንግዲህ የእኛን አስቡት።

ጥርሱንም መርሳት የለባችሁም። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድዱ እየወጣ ይሄዳል። ሣር ሲያላምጥ ደግሞ እየተፋቀ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ውሎ የሚገባ ፈረስ ብዙ ያላምጣል። ከተማ ውስጥ በረት የሚውለው፣ ትንሽ ድርቆሽና ብዙ ፉሩሽካ የሚበላው ግን ማላመጡን ያሳንሳል። ጥርሱ እኩል አይፋቅም። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ወደ ጉንጩ በኩል፣ የታችኛው ወደ ምላሱ በኩል ስለት ያወጣል። ልጓሙና ጠፍሩ ጉንጩን ወደ ውስጥ ሲገፉት ሥጋው ከስለቱ ጋር ይገናኛል። በዓለም ላይ ያለውን ምርጥ ልጓም ብታስገቡለት ይህ አይድንም።

አንዳንዱ ፈረስ ደግሞ ከመጀመሪያው የመንጋጋ ጥርስ ፊት «የተኩላ ጥርስ» የምትባል ትንሽ ጥርስ አለችው። ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው የምትበቅለው። ልጓሙ ከነካት ታስቸግራለች። ሐኪም በቀላሉ ይነቅላታል። ስለቱን የሚሞርደውም ሐኪም ነው። አዋቂ ፈረስ በዓመት አንዴ ጥርሱ ቢታይ ጥሩ ነው፣ ወጣቱ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው። ሩቅ አይደለም። ለልጓም ገንዘብ ያወጣ ሰው ለጥርስ አላወጣም ቢለኝ አይገባኝም።

አሁን ወደ አገራችን ልጓም ልምጣ። እዚህ ክፍል ውስጥ ጉግስ የተጫወቱ አባቶች ስላሉ ነገሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

የቆየው የኢትዮጵያ ልጓም መሀሉ ወደ ላይ ከፍ ያለ ብረት ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ የብረት ቀለበት ተንጠልጥሎ የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን ይይዛል። በዓረቡና በቱርኩ ፈረሰኛ ዘንድም ይህን የሚመስል ልጓም ነበር። ዛቡ ሲሳብ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሆናል። የመሀሉ ከፍታ ወደ ላንቃው ይነሳል። ቀለበቱም ከአገጩ ሥር ይጠብቃል። ፈረሱ ከላይም ከታችም ይያዛል። በሙሉ ሩጫ ላይ ያለ ፈረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መቆም ግዱ ነው።

ይህ ልጓም በጭካኔ የተሠራ ነው ብዬ አልፈርድም። የተሠራው ለጦረኛ ነው። ጦረኛው ጋሻ፣ ጦርና ዛብ አንድ ላይ ይዟል። በቅጽበት መዞር፣ በቅጽበት መቆም አለበት። ጎበዝ ፈረሰኛ ደግሞ ዛቡን ላላ አድርጎ በአካሉና በእግሩ ነው የሚነዳው። ልጓሙን የሚነካው ለአፍታ ነው። ነክቶ ወዲያው ይለቃል። ዛሬም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። ጥሩዎቹ ፈረሰኞች እጃቸው አይታይም።

በነገራችን ላይ የእኛ ታሪክ ፈረስን እንዴት እንደሚያከብር ይገርመኛል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሁሉም በፈረስ ስም ተጠርተዋል። ቤተ መንግሥት ፈረስ የሚጠብቅ ባልደራስ ነበረው። ስለ አፉ የተነገረ ግን ብዙ አልሰማሁም።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ልጓም፣ ወይም ዘመናዊ ዘመዱ፣ ገና ሚዛኑን መጠበቅ ባልለመደ እጅ ውስጥ ሲገባ ነው። ጀማሪ ጋላቢ ሲደናገጥ የሚይዘው ዛቡን ነው። ኮርቻው ላይ በተነሳ ቁጥር እጁም አብሮ ይነሳል። እያንዳንዷ መንቀጥቀጥ ወደ አጥንቱ ትሄዳለች። በበዓላት ሰሞን፣ የካቲት 23 ቀን ምኒልክ አደባባይ ብቅ ስትሉ፣ ፈረሶቹን እዩዋቸው። አንዳንዱ ራሱን ሰቅሎ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ ዓይኑ ነጥቶ ይቆማል። ሕዝቡ «እንዴት ያለ ግርማ ነው!» እያለ ፎቶ ያነሳዋል። እኔ ግርማ አላይም። የተጨነቀ ፈረስ ነው የማየው።

ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው ክንድ ያላቸው ልጓሞች፣ ፔልሃምና መሰሎቹ፣ ጉልበት ያባዛሉ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአፉ በታች ያለው ክንድ ከላይኛው 2 እጥፍ ይርዘም እንበል። የአገጭ ሰንሰለቱም ታስሯል። ዛቡን በ1 ኪሎ ጉልበት ብትስቡ አፉ ውስጥ 3 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። «ባለ ክንድ ነው ግን ላስቲክ የለበሰ ነው» የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። ላስቲኩ ሒሳቡን አይቀይረውም። አፉ ስስ ለሆነ ፈረስና ለሚማር ጋላቢ ክንድ ያለው ልጓም አይመከርም። ቢያንስ እኔ አልመክርም።

እንግዲህ የሚቀረን ስናፍል የሚባለው ነው። ዛቡ በቀጥታ ከአፉ ጎን ያለው ቀለበት ላይ ይታሰራል፤ 1 ኪሎ ስትስቡ 1 ኪሎ ነው። እሱም ቢሆን ብዙ ዓይነት አለው። ልዩነቱ ያለው አፍ ውስጥ በሚገባው ብረት ላይ ነው።

የተለመደው መሀሉ ላይ አንድ መጋጠሚያ ያለው ነው። ሁለቱ ዛቦች እኩል ሲሳቡ መሀሉ ታጥፎ ምላሱንና የመንጋጋውን ጎኖች ይቆነጥጣል። ላንቃው ዝቅ ያለ ፈረስ ከሆነ ደግሞ የታጠፈው ጫፍ ላንቃውን ይነካል። ብዙ ፈረስ ችሎ ይኖራል። አፉ ስስ የሆነው ግን አፉን ከፍቶ ይነግራችኋል።

እኔ መጀመሪያ የምሞክረው መሀሉ ላይ ክብ፣ ለስላሳ ፍሬ ያለው ባለ ሁለት መጋጠሚያ ነው። ብረቱ ምላሱን ተከትሎ ይተኛል። አይቆነጥጥም። ግን መሀል ያለው ነገር ክብ መሆኑን በጣታችሁ አረጋግጡ። ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዙ ምላሱ ላይ በሰያፍ የሚቆም አለ። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላሉ፣ ፈረሱ ግን ይለያቸዋል።

ባለ ሁለት መጋጠሚያውን አልወድም የሚል ፈረስም አለ። ምላሱ ወፍራም የሆነው፣ ወይም ምላሱን በብረቱ ላይ አሳልፎ የሚያወጣው፣ ምላሱ ላይ ጫና አይፈልግም። ለሱ መሀሉ ሰፋ ብሎ ትንሽ የጎበጠ፣ መጋጠሚያ የሌለው ብረት ይሻለዋል። ጉብጠቱ ለምላስ ቦታ የሚሰጥ እንጂ ላንቃ የሚወጋ መሆን የለበትም። አፉ ውስጥ በሚንቀሳቀስ ነገር የሚረበሽ ፈረስ ደግሞ ቀለበቱ ከብረቱ ጋር የተያያዘና የማይሽከረከር ቢሆንለት ይረጋጋል። ልቅ ቀለበት ብረቱ ውስጥ ሲያልፍ ቀዳዳው ከሰፋ የከንፈሩን ጥግ ይቆርጣል። አሮጌ ልጓም ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ይሁን።

ውፍረቱን በተመለከተ አንድ የቆየ እምነት አለ። «ወፍራም ልጓም ለስላሳ ነው» ይባላል። እውነት አለው፣ ቀጭን ብረት ጫናውን አንድ ቦታ ላይ ያከማቻል። ግን ቅድም እንዳልነው አፉ ውስጥ ትርፍ ቦታ የለም። በጣም ወፍራም ከሆነ ፈረሱ አፉን መግጠም ያቅተዋል። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ድሬሳጅ ለሚባለው የግልቢያ ውድድር የልጓም ብረት ከተወሰነ ልክ እንዳይቀጥን ይጠይቃል። የአገራችን ፈረሶች ጭንቅላታቸው ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹ በቁመትም ፖኒ፣ ማለትም አጭር ፈረስ፣ ሊባሉ ይችላሉ። ለትልቅ የአውሮፓ ፈረስ የተሠራ ወፍራም ልጓም አምጥታችሁ «ለስላሳውን ገዛሁለት» አትበሉ።

ስፋቱም እንደዚሁ ነው። ቀጭን ለስላሳ ዱላ አፉ ውስጥ ልጓሙ በሚገባበት ቦታ አግድም አሳልፉ። በሁለቱም የከንፈር ጥግ ላይ ምልክት አድርጉና ለኩ። ቀለበቱ ልቅ ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። የተያያዘ ከሆነ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ሰፊ ልጓም ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ መጋጠሚያውም ከመሀል ይወጣል። ጠባቡ ጉንጩን ይጨምቃል።

ልጓሙ አፉ ውስጥ የሚቀመጥበትን ከፍታ በተመለከተ «ከንፈሩ ጥግ ላይ 2 ሽብሽብ ይታይ» የሚል ደንብ ሰምታችኋል። መነሻ ይሁናችሁ፣ ሕግ አታድርጉት። ከንፈሩ ሥጋ የበዛበት ፈረስ 2 ሽብሽብ ሲያሳይ ገና ላላ ያለ ሊሆን ይችላል። ከንፈሩ ስስ የሆነው ደግሞ 2 ሽብሽብ እስኪያሳይ ከጠበቃችሁ ቀኑን ሙሉ በግድ እንደሳቀ ይውላል። ብረቱ ክራንቻውን አይንካ፣ ጥጉንም አይወጥር።

የአፍንጫ ጠፍሩ ነገር አጭር ነው። በአፍንጫው አጥንትና በጠፍሩ መሀል 2 ጣት ይግባ። ጎን ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ አጥንቱ ላይ። አፉን እንዳይከፍት ብሎ ጠፍሩን የሚያጠብቅ ሰው ስሞታ የሚያቀርብን አፍ እየሸበበ ነው።

ስለ ማዕድኑ ብዙ አልልም። የማይዝግ ብረት ይበቃል። መዳብ ያለበት ምራቅ ያመጣል ይላሉ፣ አንዳንዱ ፈረስ ይወደዋል። ላስቲክ ሲታኘክ ይቆራረጣልና በየጊዜው እዩት። ላዩ የተቀባ ልጓም ቅቡ ሲላጥ ይቧጥጣል። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ በፈረሳችሁ ልክ ማሠራት ትችላላችሁ። እጃቸው ወርቅ የሆነ ባለሙያዎች አሉ። ግን ከቶንዲኖ (ከግንባታ ብረት) ከሆነ ጎርበጥባጣው ሁሉ ተሞርዶ ልሙጥ ይሁን፣ የብየዳ ጉብታም አይቅር። በከንፈራችሁ ሞክሩት። እየቀለድኩ አይደለም። ለእናንተ ከንፈር የሻከረ ለእሱም ይሻክራል። ሌላው ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ነው። ጃንሜዳ ላይ በዚያ ብርድ ያደረን ብረት አፍ ውስጥ መክተት ግፍ ነው። በመዳፋችሁ ወይም በሞቀ ውሃ አሙቁት።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁ ፈረሱ አሁንም ራሱን ከወዘወዘ ኮርቻውን አንስታችሁ ጀርባውን እዩ። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ በአፉ ያማርራል። ከዚያ የሚቀረው እጅ ነው። እዚህ ላይ እኛ አሠልጣኞች ተረቱን ለውጠነዋል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነበር። የእኛ «ጋላቢውን ፈርቶ ልጓሙን» ሆኗል። ከፋዩን ደንበኛ «እጅህ ከባድ ነው» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ «ልጓም ቀይርለት» ይባላል። ዛቡን ትታችሁ፣ ሌላ ሰው ፈረሱን በገመድ እየመራላችሁ፣ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ሶምሶማ ተቀመጡ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ያለ ዛብ መቀመጥ ያልቻለ ሰው በዛብ የሚቀመጠው በፈረሱ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሳ። ሁለቱን ብቻ ጽፌያለሁ።)

አንድ አባት «ልጄ፣ እኛ በዚያ በቀለበቱ ልጓም ስንት ዘመን ጋልበናል፤ ፈረሶቻችን ተጎድተው ነበር ልትለን ነው?» አሉኝ። ጋሼ፣ እርስዎ በልጅነትዎ ያለ ኮርቻ፣ ያለ ልጓም፣ በለኮ ገመድ ብቻ ጋልበው ነው ያደጉት አልኳቸው። ሳቁና «እሱስ ልክ ነው» አሉ። ልጓሙ እጃቸው ላይ የደረሰው እጃቸው ከተማረ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ልጁ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚጨብጠው። የትኛው ፈረስ እንደተጎዳ ደግሞ አፉ ቢታይ ነበር የሚታወቀው።

አንዲት ወጣት «ለምን ልጓሙን ጭራሽ አንተወውም? ያለ ብረት የሚጋለብበት አለ አይደል?» ብላ ጠየቀች። አለ። አፉ የቆሰለ ፈረስ እስኪድን ድረስ ደግሞ ግድ ነው። አፍንጫ ላይ ብቻ የሚያርፍ፣ ዛቡ በጎን የሚታሰርበት ቀላል ጠፍር ጥሩ ነው። ነገር ግን ሃካሞር የሚባለው ባለ ክንዱ ጉልበት ያባዛል፣ ያ የክንድ ሒሳብ እዚህም ይሠራል። የአፍንጫው አጥንት ወደ ታች ሲወርድ እየሳሳ ይሄዳል፣ ጠፍሩ ዝቅ ካለ እዚያ ስስ ቦታ ላይ ያርፋል፣ መተንፈሻውንም ይጫናል። ከብረት ነጻ መሆን ብቻውን ምቾት አይሆንም። ደግሞ መጀመሪያ በታጠረ ሜዳ ሞክሪው፤ መንገድ ላይ፣ ታክሲ ጥሩምባ በሚነፋበት ቦታ አይሁን።

አዲስ ልጓም ስታስለምዱ የመጀመሪያውን ቀን አትጋልቡ። አድርጉለትና ትንሽ ድርቆሽ እየበላ ይቁም። በማግስቱ በእግር አጭር ጉዞ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ከንፈሩን ገልጣችሁ ጥጉንና የመንጋጋውን ጠርዝ እዩ። አንገቱን ዘርግቶ፣ አፉን ገጥሞ፣ ቀስ ብሎ እያላመጠ ከሄደ ተመችቶታል። ከሳምንት በኋላም አፉን ከከፈተ ሌላ ቅርጽ ሞክሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ አለዚያ የረዳው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ከተቻለ ከጓደኛ ተዋሱ፣ ታጥቦ ይመለሳል። ከሱቅ ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ስለ መመለስ ተነጋገሩ። የተነከሰ ልጓም መልሶ የሚቀበል ነጋዴ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።